የቅንጬ አረምና የተፈጥሮ ጠላቶቹ፤ መርዝ ሳያበዙ ተባይን ስለ መከላከል



በድሬዳዋ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ዝናም ከጣለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚለመልም አንድ ተክል አለ። በወንዝ ዳር፥ በመንገድ ጠርዝ፥ ታጥሮ በተተወ ቦታ፥ ይልቁንም በማሽላ እርሻ ውስጥ ይበቅላል። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ አበባው በሜዳ ላይ እንደ ተበተነ ቅንጬ ጥቃቅንና ነጭ ነው፤ ቁመቱም ምቹ መሬት ሲያገኝ የሰው ቁመት ያህላል። በአማርኛ ቅንጬ አረም ይባላል። የሐረርጌ ገበሬ በኦሮምኛ ፋራምሲሳ ይለዋል፤ ትርጓሜውም ሰውን ከመሬቱ አስለቅቆ የሚያስፈርም እንደ ማለት ነው። ገበሬው ስሙን ሲያወጣለት ክሱንም አብሮ ጽፎበታል። የሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ የእርሻ ሠራተኞች ጉዳይ ነው፤ ጤና ጥበቃን ምን አገባው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ለማስረዳት እንሞክራለን። አንደኛው፥ ይህ አረም የሰብል ጠላት ብቻ ሳይሆን የቆዳችን፥ የዓይናችንና የሳንባችን ጠላት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ እርሱን ለማጥፋት ስንል ያለ ልክ የምንረጨው መርዝ ራሱ ሌላ የጤና ጉዳት የሚያመጣ ስለ ሆነ፥ የአረሙን የተፈጥሮ ጠላቶችና የገዛ እጃችንን ማስቀደም የሚገባን መሆኑ ነው።

የአረሙ አመጣጥ

የቅንጬ አረም የትውልድ አገሩ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው የአሜሪካ ምድር ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ሲሆን፥ የታየውም በድሬዳዋና በደሴ አካባቢ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ከተሞች የርዳታ እህል የሚከፋፈልባቸው ዋና ቦታዎች ስለ ነበሩ፥ ዘሩ ከባሕር ማዶ ከመጣ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሳይገባ አልቀረም ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ። በኢትዮጵያና በሶማልያ መካከል በተደረገው ጦርነት ጊዜ የጦር ተሽከርካሪዎች መመላለስ እንዳስፋፋውም የሚናገሩ አሉ።

የመስፋፋቱ ምክንያት በዘሩ ብዛት ይታወቃል። አንድ ተክል ብዙውን ጊዜ ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ያፈራል። ከበቀለ በኋላ ለማበብ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል። ዘሩ እጅግ ትንሽና ቀላል ስለ ሆነ በጎርፍ፥ በመኪና ጎማ ጭቃ፥ በከብት ኮቴ፥ ለግንባታ በሚጫን አሸዋና በዘር ከረጢት ይጓዛል። ከዐፈር በታች የተቀበረው ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ቀን ይጠብቃል።

በ2000 ታትሞ በወጣ አንድ ጥናት መሠረት፥ በምሥራቅ ኢትዮጵያ እርሻዎች ከአንድ የሣር አረም ቀጥሎ በብዛት የተገኘው ይኸው ቅንጬ አረም ነው። በዚያው በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራ ደግሞ፥ አረሙ እስከ መከር ድረስ ሳይነቀል ሲቀር የማሽላው ምርት እንደ ቦታውና እንደ ዓመቱ ሁኔታ ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገሩን በገበሬው ሚዛን ብንመዝነው፥ 1 ኩንታል ማሽላ ይጠብቅ የነበረ ሰው በክፉው ዓመት ጎተራው የሚገባው 3 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህ ተክል በትውልድ አገሩ እንዲህ ያለ ጥፋት ስለ ምን አያደርስም? መልሱ ቀላል ነው። በዚያ ቅጠሉን የሚበሉ፥ ግንዱን የሚቦረቡሩ፥ ዘሩን የሚያበላሹ ተባዮችና እንደ ስንዴ ዋግ ያሉ በሽታዎች ከጥንት ጀምሮ አብረውት ይኖራሉ። ወደ እኛ አገር ሲመጣ ግን ዘሩ ብቻ መጣ፤ ጠላቶቹ በዚያው ቀሩ። ከብቱም መራራ ስለ ሆነበት ሌላውን ሣር እየነጨ እርሱን ይተወዋል። ስለዚህ ከልካይ የሌለው እንግዳ ሆኖ ቤቱን ወረሰ።

በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በቅንጬ አረም ቅጠል፥ ግንድና አበባ ውስጥ ፓርቴኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ነገር ቆዳን ሲነካ በአንዳንድ ሰው ላይ ማሳከክን፥ መቅላትን፥ ውኃ መቋጠርን፥ ሲቆይም የቆዳ መወፈርንና መጥቆርን ያመጣል። በይበልጥ የሚጎዱት ልብስ የማይሸፍናቸው የሰውነት ክፍሎች፥ ማለት ፊት፥ የዓይን ቆብ፥ አንገትና ክንድ ናቸው። የደረቀው ተክል ተፈርፍሮ በነፋስ ስለሚነሣ፥ አረሙን በእጁ ያልነካ ሰው እንኳ በአጠገቡ በማለፉ ብቻ ሊታመም ይችላል። የአበባው ብናኝም በአፍንጫ ሲገባ ማስነጠስንና የአፍንጫ ፈሳሽን፥ የአስም ሕመም ባለበት ሰው ላይ ደግሞ የትንፋሽ ማጠርን ያስነሣል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በሽታው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይታይም። ሰው አረሙን ለወራት ወይም ለዓመታት በባዶ እጁ እየነቀለ ምንም ሳይሆን ይቆይና፥ ሰውነቱ ከተቈጣ በኋላ ግን ጥቂት ቢነካው እንኳ ይነሣበታል። ከዚያ ወዲያ ቁጣው እምብዛም አይለቅም። ስለዚህ «እኔን እስከ ዛሬ አልነካኝም» ማለት መድን አይሆንም።

አረሙን የበላች ላም ወተቷ ይመርራል፤ አብዝቶ የበላ ከብትም ይታመማል፥ ሊሞትም ይችላል። ከዚህም ሌላ በኬንያ ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት፥ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ከዚህ ተክል ስኳር እየቀሰመች ዕድሜዋን ልታራዝም እንደምትችል አመልክቷል። እንግዲህ በግቢያችን አጥር ሥር የተተወ ቅንጬ አረም ለትንኝ ገበታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

መርዝ ብቻውን ስለ ምን አይበቃም

አረሙ በዛ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው የሚረጭ መድኃኒት ነው። ከእነዚህ መካከል ገበሬው ቱፎርዲ የሚለውና ግላይፎሴት የሚባለው በሰፊው ይታወቃሉ። በባለሙያ ምክር፥ በልኩና በጊዜው ሲረጩ አረሙን የሚገድሉ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን አራት ነገሮችን ማሰብ ይገባል።

አንደኛ፥ እነዚህ መድኃኒቶች የበቀለውን ይገድላሉ እንጂ ከዐፈር በታች ተኝቶ ያለውን ዘር አያጠፉም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዝናም አዲሱ ትውልድ ይነሣል፤ ገንዘቡም እንደገና ይከፈላል። ሁለተኛ፥ ቱፎርዲ በነፋስ ተወስዶ በጎረቤት ማሳ ያለውን ቲማቲም፥ ባቄላና ሌላውንም ሰፋፊ ቅጠል ያለው አትክልት ያቃጥላል። ሦስተኛ፥ አረሙ ራሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ በኮሎምቢያ ግላይፎሴትን የሚቋቋም የቅንጬ አረም መገኘቱ በ2004 ታውቋል። አራተኛውና እኛን ከሁሉ የሚያሳስበን፥ መርዙ ከገበያ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ ነው። በለስላሳ መጠጥ ወይም በውኃ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ስመ ቢስ መርዝ ሕፃናትን ለሞት ያደርሳል። ውኃ በሚያጥርበት ከተማ ደግሞ ባዶው የመርዝ ጀሪካን ታጥቦ የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ የመሆን ፈተና አለበት። መርዙ ከፕላስቲኩ ጋር ስለሚዋሐድ ዕቃው በሳሙናም ሆነ በአመድ ቢታጠብ አይጠራም።

ተባይ መድኃኒትን መልመዱ ለድሬዳዋ ሕዝብ የሩቅ ወሬ አይደለም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ በ2016 በቀብሪ ደሐር ተገኘች። በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከርሷ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ታውቋል፤ ይህችው ትንኝ ለብዙ ዓይነት ፀረ ተባይ መድኃኒት እጇን የማትሰጥ ሆና ተገኝታለች። ማንኛውም መርዝ በተረጨ ቍጥር ደካማው ይሞታል፤ የማይበገረው ግን ይተርፍና ይወልዳል። እንግዲህ መድኃኒትን ያለ ልክ የሚረጭ ሰው፥ ለክፉ ቀን የሚያስፈልገውን ጥይት በከንቱ እንደሚተኩስ ወታደር ነው።

ከዚህም በላይ መርዝ ወዳጅንና ጠላትን አይለይም። በ2017 ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች የበቆሎውን ማሳ ባጠቃ ጊዜ፥ ተመራማሪዎች በተምቹ ትል ሰውነት ውስጥ እንቍላሏን የምትጥል ትንሽ ተርብ በኢትዮጵያ አገኙ። ከእንቍላሉ የሚፈለፈለው የተርቧ ጫጩት ትሉን ከውስጥ እየበላ ይገድለዋል። በዚያን ጊዜ ከተመረመሩት ትሎች ይህች ተርብ የያዘቻቸው ከ33 እስከ 45 በመቶ ያህል ነበሩ። ተርቧን የጠራት፥ ደመወዝም የቈረጠላት ሰው አልነበረም። በጭፍን የሚረጭ ገበሬ ግን ከተምቹ ጋር እርሷንም ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተምች የሚከለክለው አያገኝም።

እሾኽን በእሾኽ

አባቶቻችን «እሾኽን በእሾኽ» እንዳሉት፥ ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ መከላከል በዓለም የተሞከረ ዘዴ ነው። ሥራው እንዲህ ነው። ሊቃውንት ወደ አረሙ የትውልድ አገር ሄደው እርሱን ብቻ የሚበላ ፍጥረት ይፈልጋሉ፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይመረምሩታል፤ ሌላ ተክል የማይነካ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ይለቁታል።

በአውስትራልያ በ1920ዎቹ ዓመታት በለስ፥ ማለት በእኛ በምሥራቁ አገር ቲኒ የምንለው ቁልቋል፥ ከ20 ሚልዮን ሄክታር በላይ የሚሆን መሬት ወርሮ ነበር። በ1926 ከአርጀንቲና የመጣች አንዲት የእሳት ራት ተለቀቀች፤ ትሏ ቁልቋሉን ከውስጥ እየበላ ጣለው፤ በ1933 አብዛኛው ተጠርጎ ገበሬዎች ወደ መሬታቸው ተመለሱ።

በቅንጬ አረም ላይ ደግሞ ዚጎግራማ የምትባል ጥንዚዛ ከሜክሲኮ ተወስዳ በአውስትራልያ በ1980፥ በህንድ አገር በ1984 ተለቀቀች። ጥንዚዛዋ ከበቆሎ ፍሬ ታንሳለች፤ መልኳ ነጣ ያለ ሆኖ በጀርባዋ ላይ ጥቋቁር መስመሮች አሉባት። እርሷም ትሏም የአረሙን ቅጠልና ለጋ ጫፍ እየበሉ እንዳያድግና እንዳያብብ ያደርጉታል። በበጋ ወራት ወደ ዐፈር ገብታ ትተኛለች፤ ዝናም ሲጥልና አረሙ ሲበቅል አብራው ትነሣለች። ሊስትሮኖተስ የሚባል ሌላ፥ ነቀዝ የሚመስል ተባይ ደግሞ እንቍላሉን በአበባው ላይ ይጥላል፤ ትሉም ግንዱን ከላይ ወደ ታች እየቦረቦረ እስከ ሥሩ ይደርሳል። ይህኛው ዝናም በሚያጥርበት ደረቅ አገር የሚጸና ስለ ሆነ እንደ ድሬዳዋ ላለ ቆላ ተስፋ የሚሰጥ ነው።

አንባቢ ግን ትዕግሥትን አብሮ እንዲይዝ እንለምናለን። በአውስትራልያ የተለቀቀችው ጥንዚዛ በብዛት መታየት የጀመረችው ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1990 ገደማ ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው በዚህ ሥራ ላይ በእውነት ይፈጸማል። መርዝ በሳምንት ይገድላል፤ በዓመቱ ግን አረሙ ይመለሳል። ጥንዚዛዋ ለመብዛት ዓመታት ትፈጃለች፤ ከበዛች በኋላ ግን በየዓመቱ ያለ ደመወዝ ትሠራለች።

ስለ ጥንቃቄው

ይህን ስንል ማንም ሰው ከፈለገበት አገር ተባይ አምጥቶ ይልቀቅ ማለታችን አይደለም። በ1935 በአውስትራልያ የሸንኰራ አገዳን ተባይ ይበላል ተብሎ የገባ የእንቍራሪት ዘመድ ተባዩን ሳያጠፋ ራሱ የአገር መቅሠፍት ሆኗል። ወደ ሩቅም መሄድ አያስፈልግም፤ በትግራይ በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቀይ ቀለም ለማምረት የገባችው ኮቺኒል የተባለች ተባይ ከታሰበላት ቦታ ወጥታ የገበሬውን በለስ አጥፍታለች። ሕያው ፍጥረት አንድ ጊዜ ከተለቀቀ ተመልሶ አይሰበሰብምና ምርመራው አስቀድሞ መፈጸም አለበት።

በኢትዮጵያ ይህ ምርመራ የተካሄደው በአምቦ የዕፀዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል በተሠራው የተዘጋ ቤት ነው። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከአሜሪካው የቨርጂንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሌሎችም ጋር ሆነው፥ ከደቡብ አፍሪካ የመጡትን ሁለቱን ተባዮች በብዙ ዓይነት ተክል ላይ ፈተኗቸው። ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰባቸው የኑግ ነገር ነበር። ኑግ ከቅንጬ አረም ጋር አንድ ወገን ነውና፥ የሀገራችን የዘይት እህል በባዕድ ጥንዚዛ ይበላ ይሆን ብሎ መፍራት ተገቢ ነበር። ፈተናው ካለፈ በኋላ ጥንዚዛዋ በሐምሌ ወር 2016 በወለንጪቲ ተለቀቀች።

በህንድ አገር የሆነውም ትምህርት ይሰጣል። ጥንዚዛዋ ከተለቀቀች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈረንጅ ሱፍ ቅጠል ስትበላ ታየች ተብሎ ታላቅ ክርክር ተነሣ። ሲመረመር፥ በሱፉ ቅጠል ላይ ከአጠገቡ የቅንጬ አረም አበባ የተነሣ ብናኝ ረግፎበት ስለ ነበረ ጥንዚዛዋ በእርሱ ተስባ እንደ ቀመሰችው፥ ሰብሉን ግን የማትጐዳ መሆኗ ታወቀ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ መጠርጠር ደግ ነው፥ ፍርድ ግን ከምርመራ በኋላ መሆን አለበት።

ከእኛ የሚጠበቀው

ጥንዚዛዋ የገበሬውን ሥራ ታቀላለች እንጂ የከተማውን ግቢ አትጠርግም። ስለዚህ የሚከተሉትን ምክሮች መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ የቤት አባወራዎችና እመቤቶችም ለቤተሰባቸው እንዲያስረዱ እንለምናለን።

፩ኛ፤ አረሙ ከማበቡ በፊት ይነቀል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ዝናም በጣለ በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት መሬቱ ርጥብ ሳለ ከነሥሩ በቀላሉ ይወጣል። ያላበበው ተክል ጕድጓድ ገብቶ ብስባሽ ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል። ያበበው ግን ሳይራገፍ በከረጢት ተሰብስቦ በጥልቅ ይቀበር፤ በሜዳ ተጐትቶ ዘሩን እንዳይበትን ይጠንቀቁ።

፪ኛ፤ በባዶ እጅ አይነካ። የእጅ ጓንት፥ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጨርቅ ያስፈልጋል። ከሥራው በኋላ እጅ፥ ፊትና አንገት በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱም ለብቻው ይታጠብ።

፫ኛ፤ መምህራን ሆይ፥ የአረም ነቀላ ዘመቻ ስታዘጋጁ ትንንሽ ልጆችን አታሰልፉ። የአስም ወይም የቆዳ ሕመም ያለበት ተማሪም ሆነ አስተማሪ በዚያ ቀን ሌላ ሥራ ይሰጠው። ጓንት ካልተገኘ ዘመቻው ለሌላ ቀን ይቈይ። የትምህርት ቤቱን ግቢ ለማጽዳት ብለን በልጅ ላይ ዕድሜ ልክ የማይለቅ የቆዳ ቁጣ ብናመጣ፥ ትርፋችን ከኪሳራችን ያንሳል።

፬ኛ፤ መሬት ባዶውን አይተው። ቅንጬ አረም የሚወደው የተራቈተና ከልክ በላይ የተጋጠ ቦታ ነው። ሣር፥ ዛፍ ወይም የጓሮ አትክልት ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ቦታ ጥላው ስለሚያሸንፈው እንደ ልቡ አይስፋፋም። የተነቀለበት ቦታ ወዲያው ይተከልበት።

፭ኛ፤ ከአረሙ ቦታ የሚመጣ አሸዋ፥ ድርቆሽና ዘር ይታይ፤ የከብትና የፍየል መኖ ውስጥ እንዳይገባ ይለይ።

፮ኛ፤ መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነ የእርሻ ባለሙያ ይጠየቅ። በሕግ መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥም ሆነ መጠቀም ክልክል ነው። ስም ከሌለው ጠርሙስ መርዝ አይገዛ፤ ባዶው ዕቃ ተበስቶ ይወገድ እንጂ ውኃም ዘይትም አይቀዳበት።

፯ኛ፤ ቆዳው የሚያሳክከው፥ ዓይኑ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ለሐኪሙም አረም ነክቶ እንደ ሆነ ይንገር። ምክንያቱ ካልታወቀ ቅባቱ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ በሽታው ይመላለሳል።

፰ኛ፤ በጀርባዋ መስመር ያላት ጥንዚዛ በቅንጬ አረም ላይ ስትበላ ያየ ሰው አይግደላት፤ ወደ ሌላ ቦታም በራሱ ሐሳብ አያዛውራት፤ ለእርሻ መሥሪያ ቤት ያስታውቅ።

ለሳይንስ መምህራን አንድ ቀላል ትምህርት እንጨምራለን። በትምህርት ቤቱ ጓሮ ክሽክሽ የያዘው ጎመን ካለ፥ መርዝ ከመረጨቱ በፊት ተማሪዎች ቅጠሉን ገልብጠው ይመልከቱ። በቀይ መደብ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ ክሽክሹን ስትበላ ሊያገኟት ይችላሉ። በአንድ ቅጠል ላይ ያለውን ክሽክሽ ዛሬ፥ ነገና ከሳምንት በኋላ ቈጥረው በደብተራቸው ይጻፉ። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ የሚሳብ የሚበር ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ ያውቃል፤ አድጎም የመርጫ መሣሪያ በጀርባው የተሸከመ ዕለት ከመርጨቱ በፊት ቅጠሉን መገልበጥ ይለምዳል።

ቅንጬ አረም ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ከታየባቸው ከተሞች አንዷ ድሬዳዋ ናት። እንግዲህ ከብዙው የአገራችን ሕዝብ ይልቅ እኛ ይህን አረም ረጅም ዘመን አውቀነዋል፤ የምንከላከልበትንም መንገድ ለሌላው ለማሳየት ዕዳው በእኛ ላይ ነው። የሚመጣው ዝናም ከጣለ በኋላ በ3ኛው ሳምንት እያንዳንዱ ቤተሰብ ጓንቱን አጥልቆ አጥሩን ቢዞር፥ በዚያ አንድ ጧት የሚነቀሉት ጥቂት ለጋ ተክሎች በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዘር ሳይረግፍ ቀረ ማለት ናቸው፤ ለዚህም አንድ ጠብታ መርዝ አላስፈለገም።